በዳኛው እጅ የነበረችው ስድስት ጎራሽ

ውድ ሳንቲና፣

ፖስታው ላይ ስሜን አይተሽ ሳትከፍቺው ምድጃ ውስጥ ካልጣልሽው፣ እባክሽ እስከ መጨረሻው አንብቢው። ካንቺ ጋር ቃል ከተለዋወጥን አሥራ አራት ዓመት አለፈ። እኔ ግትር ነኝ፤ አንቺም ከእኔ አታንሺም። እህትሽ በሕይወት ሳለች መሐል ቆማ ታስታርቀን ነበር። እሷ ስትሄድ አስታራቂም አብሮ ሄደ።

መጻፍ እንደማልወድ ታውቂያለሽ። ሦስተኛ ክፍልን ሳልጨርስ ነው አባቴ ከትምህርት ቤት አውጥቶ ከብረት መያዣው ሞርሳ ፊት ያቆመኝ። ፊደሉ ከጎበጠ፣ የነገሩ ጫፍ ከጠፋብሽ፣ እንደምንም ብለሽ እለፊው። የማዘጋጃ ቤቷ ጸሐፊ ሎሬዳና እርስዎ ይናገሩ፣ እኔ ልጻፍልዎ ብላኝ ነበር። እምቢ አልኳት። ይህን በሰው እጅ አጽፌ ብልክልሽ "ሽማግሌው ራሱ አላለውም" እንደምትዪ አውቃለሁ። ስለዚህ ሦስት ቀን ቢፈጅብኝም በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት።

ነገሩ ስለዚያች ሽጉጥ ነው። የትኛዋ እንደሆነች አልነግርሽም፤ ታውቂያታለሽ። የተጣላነው በእሷ ነው።

ያን ጊዜ አንቺ አግብተሽ ወደ ውጭ አገር፣ ወደ ሊዬዥ ከሄድሽ ሁለት ዓመትሽ ነበር፤ ስለዚህ ከሥሩ ልጀምርልሽ። በ1965 ጸደይ ላይ ነው። በረዶው ቀልጦ መንገዱ ሁሉ ጭቃ በሆነበት ሳምንት፣ ነጭ ጫማ ያደረገ ሰው ከሮማ መጣ። የፊልም ሰው ነበር። "የሳን ሄርሞ ዳኛ" የሚባል የካውቦይ ፊልም ሊሠሩ ነው፤ የድሮ አሜሪካኖች ይይዙት የነበረ ዓይነት ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ይፈልጋሉ። ሁለት። አንዷ ዳኛው ለሚባለው ለዋናው ሰው፣ አንዷ ለጠላቱ። መንትያ መምሰል አለባቸው። የተሰጠው ቀን አሥራ ሁለት ነው። በሸለቆው ያሉት ትልልቆቹ መሣሪያ ሠሪ ቤቶች ሁሉ ሁለት ወር ብለውት፣ ጫማው ጠቁሮ ነው እኛ በር ላይ የደረሰው።

ቃሉን ሳይጨርስ እሺ አልኩት።

እህትሽ ኤርሲሊያ ምድጃው ጋ ቆማ የበቆሎ ገንፎውን፣ ፖለንታውን ታማስላለች። አንዴ ዞር ብላ አየችኝ። ሰውየው ሲወጣ ማማሰያውን ሳታቆም፣ "አሥራ ሁለት ቀን? አንተ ላንዷ እንኳ ሃያ ይፈጅብሃል" አለችኝ።

"አንቺ እያለሽ ምን ይቸግረኛል" አልኳት።

የአፈሙዙ ቱቦና ጥይት የሚይዘው ከበሮ ብረት ጥሬው ከፋብሪካ መጣልን። የናሱን ገላ ደግሞ ከታች ካለው ማቅለጫ ቤት አመጣሁ። የቀረው በሞረድ የሚሠራ ነው። እኔ መስኮቱ ሥር ካለው ሞርሳዬ ላይ፣ እሷ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ በምትታሰረው ትንሿ ሞርሳ። እኔ አንዷን፣ እሷ አንዷን። ሳንቲና፣ "ረድታኛለች" ስል የኖርኩት ይህን ነው። እርዳታ አልነበረም። አንዷን ሽጉጥ ከጥሬ ናስ እስከ ቃታዋ ድረስ እሷ ናት የሠራቻት። እኔ አልነካኋትም።

በዘጠነኛው ቀን ነጭ ጫማው ተመልሶ መጣ። አሁን ቦት አድርጓል። ሽጉጦቹን ወደ ብርሃን አቅርቦ አየና ናሱ ይህን ያህል መብለጭለጭ የለበትም አለ። ትልቁ መብራት ሲያርፍበት እንደ መስተዋት እየመለሰ ካሜራውን ያሳውረዋል አለ። እኛ ደግሞ ዕድሜ ልካችንን ለማብለጭለጭ የኖርን ሰዎች ነን። ምን ይደረግ። የብርጭቆ ወረቀት አውጥተን ገላዋን በሙሉ በጥቃቅን መስመር አደበዘዝነው። እኔ የእኔን፣ እሷ የእሷን። ይህን ነገር ያዢልኝ፤ ሁሉ ነገር የሚመጣው ከዚህ ነው።

ሁለቱንም ጋርዶኔ ከተማ ወዳለው የመሣሪያ መፈተሻ ቤት ወሰድኳቸው። እንደ ደንቡ ተተኮሰባቸው፣ አለፉ፣ ቱቦው ላይ የቤቱና የዓመቱ ማኅተም ተመታባቸው። የሮማው ሰው ማኅተሙን ሲያይ ፊቱ ተቀየረ። በዚያ ዘመን አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ ምልክት አልነበረም፤ በሞረድ ያጥፉልኝ አለ። ያለ ማኅተም ከቤቴ የወጣ መሣሪያ የለም፤ የእርስዎ ዳኛ ካፈረበት ጣቱን ላዩ ላይ ያድርግበት አልኩት። ጊዜ ስለሌለው ዋጠው። ዛሬ ፊልም አዋቂ ነን የሚሉ ሰዎች ይህንን ማኅተም ከፊልሙ ስህተቶች አንደኛ አድርገው ቆጥረውታል አሉ። ይቁጠሩት። ስህተት አይደለም፤ ደንብ ነው።

እኔ በሠራኋት ላይ ቀይ ክር አሰርኩና "ይህች ለዳኛው ናት፤ ያቺኛዋ ለወንበዴው" ብዬ ሰጠሁት። ከቱቦዋ ሥር የስሜንና የአባቴን ስም ሁለት ፊደሎች መታሁ። ኤርሲሊያ በሠራቻትም ላይ መታሁ። ለምን እንደመታሁ ብትጠይቂኝ፣ ክፋት አልነበረበትም። ሌላ ስም ሊመታ ይችላል ብዬ አላሰብኩም። ከክፋት ይሻል ወይም ይብስ እንደሆነ አንቺ ፍረጂ።

በሚቀጥለው ክረምት ፊልሙ የደብራችን አዳራሽ ደረሰ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ አባ ቪጂሊዮ መሳም ያለበትን ቦታ በባርኔጣቸው እየጋረዱ ያሳያሉ። መንደሩ በሙሉ ተቀምጧል። ዳኛው ተራመደ፣ ቆመ፣ መዘዘ። መጋረጃው ከዳር እስከ ዳር በሽጉጧ ተሞላ። ሦስት ሰከንድ ቢሆን ነው። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ተነሥቼ ባርኔጣዬን አነሣሁ። አጨበጨቡልኝ። ኤርሲሊያ ከጎኔ መሐረቧ ውስጥ ትስቃለች።

ምን ያስቅሻል ብላት፣ "ምንም። ቆንጆ ናት" አለችኝ።

እኔን ያሞገሰች መሰለኝ። እየተመለስን ሳለ ክንዴን ይዛ በአፍንጫዋ ታንጎራጉር ነበር። ከሠርጋችን ወዲህ እንዲያ ስታንጎራጉር አልሰማሁም።

ከዚያማ አርባ ዓመት ሙሉ ቤኒያሚኖ ወይን ቤት ውስጥ አወራሁት። ዳኛው የያዛት የእኔ ናት። ያንን ናስ ያደበዘዝኩት እኔ ነኝ። ቤኒያሚኖ ምላሱን ታውቂዋለሽ፤ "ቦርቶሎ ያቺን ፊልም ባወራ ቁጥር የሟቹ ቁጥር ይጨምራል፤ አሁንስ መቃብር ቆፋሪ ሊያልቅ ነው" ይል ነበር። እየሳቁም ቢሆን ያምኑኝ ነበር። እኔም አምን ነበር። ይህን እመኚኝ፣ ሳንቲና፦ ውሸታም አልነበርኩም። ቀይ ክር ያሰርኩባት እኔ ነኛ።

የኤርሲሊያ ቀብር ዕለት አንቺ ከሊዬዥ ባቡር ወርደሽ መጣሽ። ሰው ሁሉ በገበታ ዙሪያ ነበር። እንደ ሁልጊዜው ስለ ሽጉጧ ጠየቁኝ፤ እንደ ሁልጊዜው ጀመርኩ። አንቺ ማንኪያሽን አስቀመጥሽ።

"ቦርቶሎ፣ ያቺ ሽጉጥ የእህቴ ሥራ ናት። አዳራሹ ውስጥ ያየቻት ዕለት አውቃታለች። 'ደስታውን ልነጥቀው አልፈለግሁም' ብላ ጽፋልኛለች። አሁን ሞታለች፤ ቢያንስ አሁን መልስላት" አልሽኝ።

ያልኩሽን ሁለታችንም እናስታውሳለን። አልደግመውም። ከቤቴ አስወጣሁሽ። በሐዘን ቀን፣ በእህትሽ ቤት። ቅናት ነው አልኩ። የውጭ አገር ኑሮ ጭንቅላቷን አዙሮታል አልኩ። የጻፈችልሽን ደብዳቤ አሳዪኝ እንኳ አላልኩሽም፤ ብታሳዪኝስ ብዬ ፈርቼ ይሆናል።

አሁን ወደ ዘንድሮው ልምጣ።

ባለፈው ወር ከከተማ አንድ መምህር መጣ። ኦታቪዮ ይባላል። የእነዚያን ፊልሞች ነገር እንደ ቅዱሳን ገድል ያጠና ሰው ነው፤ የትኛው ፈረስ በየትኛው ፊልም ላይ እንዳነከሰ ያውቃል። ሮማ አንድ የፊልም ዕቃ መጋዘን ሲዘጋ ሁለቱንም ሽጉጦች ከአሮጌ ኮርቻ ክምር ሥር አገኛቸው። የማን እንደሆኑ ለማወቅ ብዙ አልተቸገረም፤ ያ የሚያስቅ ማኅተም ዓመቱንና ቦታውን ነገረው፤ ከሥሩ ያሉት ፊደሎች ደግሞ እኔን። በሬን አንኳኩቶ "መምህር ቦርቶሎ" ብሎ ጠራኝ። እኔን፣ ሦስተኛ ክፍል ያልጨረስኩትን። ጣፈጠኝ፤ ለምን እዋሻለሁ።

ማዘጋጃ ቤቱ በድሮው ትምህርት ቤት ውስጥ የሸለቆውን ሙያ የሚያሳይ ክፍል ሊከፍት ነው። ሁለቱም ሽጉጦች መስተዋት ሣጥን ውስጥ ይገባሉ፤ መሐል ላይ ለብቻዋ የምትቀመጠው ግን የዳኛው ናት። የናስ ሰሌዳውም አስቀድሞ ተቀርጿል። "የዳኛው ሽጉጥ፤ በመምህር ቦርቶሎ ዙባኒ እጅ የተሠራች" ይላል። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከሁለቱ የዳኛው የትኛዋ ናት? መምህሩ ሊለያቸው አልቻለም። እጀታቸው ሁለቱም ተቀይሯል፤ እንጨቱ ምንም አይናገርም። አንዷን ደግሞ አንድ የረባ ሥራ ያጣ ሰው እንደ ቤተ ክርስቲያን መቅረዝ አብለጭልጯታል። ስለዚህ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ሰው በተሰበሰበበት እኔ መጥቼ ጣቴን ልቀስር ነው። ያ ብቻ።

ተላጨሁ። ግራጫውን ኮቴን ለበስኩ። ሠላሳ ሰው ይሆናል፤ ከንቲባው አለ፣ ቤኒያሚኖ አለ፣ ከዳቦ ቤቱ ኦርሶላ አለች፣ ሎሬዳና መዝገብ ይዛ ተቀምጣለች። ሁለቱ ሽጉጦች በአረንጓዴ ጨርቅ ላይ ናቸው። መምህሩ ከፊልሙ ያቺን ሦስት ሰከንድ አውጥቶ፣ የመስኮት ያህል አስፍቶ፣ ወረቀት ላይ አሳትሞ ግድግዳው ላይ ሰቅሏል። የዳኛው አውራ ጣት፣ ከበሮው፣ የናሱ ገላ። አርባ አራት ዓመት ስትሮጥብኝ የኖረች ነገር ቆማ ጠበቀችኝ።

አጉሊ መነጽሬን አውጥቼ ተጠጋሁ።

ሳንቲና፣ አንቺም ሊዬዥ ብትሄጂ ከመሣሪያ ሠሪዎች ሰፈር አልወጣሽም፤ ሁለት ቃል ይበቃሻል። ቀኝ እጅ የብርጭቆ ወረቀት ሲጎትት፣ መስመሩ እንደ ዝናብ ከላይ ቀኝ ወደ ታች ግራ ይወርዳል። ክንድ የተሠራው እንደዚያ ነው፤ ብትፈልጊም አትቀይሪውም። ወረቀቱ ላይ ያለው ዝናብ ግን ከላይ ግራ ወደ ታች ቀኝ ነው የሚወርደው። ጥርት ብሎ። እያንዳንዱ መስመር ከጎረቤቱ እኩል ርቆ፣ ጫፉ ላይ ሳይንቀጠቀጥ፣ ጠርዙን ሳይበላ።

ግራኝ እጅ ነው። በዚህ ሸለቆ በዚያ ዓመት ናስ የነካች ግራኝ አንዲት ብቻ ነበረች፤ እህትሽ።

ወደ ጨርቁ ተመለስኩ። የመጀመሪያዋን አነሣሁ፤ መስመሯ የእኔ ነው። ሁለተኛዋ ያቺ የተብለጨለጨችው ናት። ገልብጬ የቃታውን ቀለበት ሥር አየሁ፤ እዚያ የማንም ጨርቅ አይደርስም። የብርጭቆ ወረቀቱ መስመር እዚያ ተቀምጧል። ከግራ ወደ ቀኝ። የፊልም ቀረጻ ላይ አንድ ሰው ቀዩን ክር ፈትቶታል፤ ወይ አላየውም፤ ወይ ዳኛው ሁለቱን በእጁ መዝኖ የተሻለችውን መርጧል። እኔ የመጨረሻውን ነው የማምነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ አየኋቸዋ። የእኔዋ ጥሩ ናት። የእሷ ትበልጣለች። ይህን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ነው አንዱ ቀን በሙሉ የሄደው።

እዚያ ቆሜ ያሰብኩትን ልንገርሽ። ከእኔ በቀር ይህን ያየ የለም። መምህሩ ዓመት አጥንቶ አላየውም። ዓይኔ ዛሬም ዓይን ነው፤ በዚህ እኮራለሁ፣ ማንም አይከለክለኝም። ሽጉጧን ጠቁሜ "ይህች ናት" ብል አልዋሸሁም። ሰሌዳው ላይ ያለው ስም የእኔ ነው፤ ከሥሯም የተመታው የእኔ ነው። ይጨበጨብልኛል፣ ወይን እጠጣለሁ፣ ወደ ቤቴ እገባለሁ። አንቺም ሊዬዥ ነሽ።

ቤኒያሚኖ ከኋላ ሆኖ፣ "ምነው ቦርቶሎ፣ ቆመህ እንቅልፍ ወሰደህ እንዴ? ወይስ ሟቾቹን እየቆጠርክ ነው?" አለ። ሰው ሳቀ።

ሽጉጧን በሁለት እጄ አነሣኋት።

"የዳኛው ይህች ናት" አልኩ። "የሠራኋት ግን እኔ አይደለሁም። ሚስቴ ናት።"

 ከንቲባው ጥሩ ሰው ነው፤ ክንዴን ይዞ ትሕትናዬን እንደሚያደንቅ፣ ባለቤቴም እንደምትረዳኝ ሁሉም እንደሚያውቅ ነገረኝ። ደግሞ "መርዳት"። ያቺ ቃል በሰው አፍ ስሰማት ምን ያህል እንደምትቀል ገባኝ።

መልሱን ቤኒያሚኖ ሰጠልኝ። "ክቡር ከንቲባ፣ ቦርቶሎን ትሑት ካሉትማ ወንዙም ሽቅብ ይፈሳል። ሰውዬው የሚለው ነገር አለ፤ ይናገር" አለ። አርባ ዓመት ያሾፈብኝን ሁሉ በዚህች ይቅር አልኩት።

ለመታየት ከቀረበው ሞርሳ አጠገብ ቁራጭ ናስና የብርጭቆ ወረቀት ነበር። አንዱን ቁራጭ አሰርኩና አምስት ጊዜ ጎተትኩ። ከዚያ ሎሬዳናን ጠራኋት፤ መዝገቡን በግራ እጇ ስትጽፍ አይቼ ነበር።

"እኔ? እኔ እኮ ብረት ነክቼ አላውቅም" አለች።

"ብረት አይደለም፣ ናስ ነው። ነይ።"

እየፈራች አምስት ጊዜ ጎተተች። ሁለቱን ቁራጭ ከትልቁ ሥዕል ጎን ያዝኳቸው። ማብራሪያ አላስፈለገም። የእኔ ዝናብ ወዲህ፣ የእሷ ዝናብ ወዲያ፤ ግድግዳው ላይ ያለው ከእሷ ጋር። መምህሩ መነጽሬን ከእጄ ቀምቶ ሥዕሉ ላይ ተለጠፈ። ከተማ የተማረ ሰው እንዲያ አፉን ከፍቶ አይቼ አላውቅም።

ኦርሶላ ከመቀመጫዋ ሳትነሣ፣ "ኤርሲሊያ ትምህርት ቤት ከእኔ ጎን ነበር የምትቀመጠው" አለች። "አስተማሪያችን መነኩሲቷ ግራ እጇን በመቀነት ከወንበሩ ጋር ታስርባት ነበር። ይሄው እዚህ ክፍል ውስጥ። እዚያ መስኮቱ ጋ።" ሰው ሁሉ ወደ መስኮቱ ዞረ።

ከዚያ መምህሩ መጠየቅ ያለበትን ጠየቀኝ። አርባ አራት ዓመት ሙሉ እንዴት ዝም አሉ አለኝ። አላውቅም ነበር አልኩት። የነገረዎት ሰው አልነበረም? አለ።

ይህንን ጥያቄ አልጠበቅሁትም። ቀላሉ መልስ "የለም" ነበር፤ አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

"ነግራኛለች" አልኩ። "እህቷ ነግራኛለች። ከቤቴ አስወጣኋት።"

ሎሬዳና ይህንንም መዝገቡ ላይ ጻፈችው። 

ሳንቲና፣ ይቅርታ የሚባለውን ቃል ስጽፈው እጄ ይከብደዋል፤ ቢሆንም ይሄው፦ ይቅርታ። እውነቱን ተናገርሽ፤ እኔ ደግሞ በር አሳየሁሽ። ግን እያዘንኩ ነው ብለሽ አታስቢ። አንድ ሳምንት ሙሉ ደረቴን ነፍቼ ነው የምሄደው። መንገድ ላይ የሚያገኘኝ ሁሉ ስለ ኤርሲሊያ ይጠይቀኛል፤ እኔም እነግራለሁ። ያን ጠርዝ እንዴት እንዳወጣችው፣ ቃታዋን እንዴት እንዳለሰለሰቻት፣ ምን ያህል ቀን እንደፈጀባት። አሥራ አንድ ቀን፤ ከእኔ አንድ ቀን ቀድማ ጨርሳለች፤ በመሐሉ ምግቡንም እየሠራች፣ ልብሱንም እያጠበች። መምህሩ ትናንት ደውሎ በዚያ ዘመን ከተሠሩት ሁሉ እንዲህ ያለ እጅ አላየሁም አለኝ። እኔ ነኝ ያገባኋት አልኩት። ድሮ ስለ ራሴ ሳወራ ጉሮሮዬ ይደርቅ ነበር፤ አሁን ስለ እሷ ሳወራ አይደርቅም። ቤኒያሚኖ ደግሞ፣ "ድሮ ያንድ ሰው ጉራ ነበር የምንሸከመው፤ አሁን የሁለት ሆነብን" ይላል። ይሸከም።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል፤ የምጽፍልሽም ለዚህ ነው።

ሰሌዳውን ነቅለው እንዲሰጡኝ አደረግሁ። አዲስ እናሠራ ብለው ነበር፤ አይሆንም፣ ጀርባው ንጹሕ ነው አልኩ። እኔው ራሴ አስተካክዬዋለሁ። ሎሬዳና ስሙን እንድትመዘግብ ማን ተብሎ ይቀረጽ አለችኝ። "ኤርሲሊያ" አልኳት። "ኤርሲሊያ ማን?" አለች።

ብዕሯን እንድታስቀምጥ ነገርኳት።

በማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ላይ እስክትሞት ድረስ ኤርሲሊያ ቦናርዲ ናት፤ በአባታችሁ ስም። በመንገዱ፣ በደብሩ፣ በገበያው ግን ዙባኒ ነበረች። መቃብሯ ላይ ያስቀረጽኩትም የእኔን ነው። በስሜ አርባ ሦስት ዓመት ኖራለች። ያቺን ሽጉጥ የሠራችው በእኔ ቤት፣ በእኔ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው። በእኔ በኩል ያለው ይህ ነው፤ ትንሽ አይደለም።

ባንቺ በኩል ያለውን ደግሞ አንቺ ከእኔ ይልቅ ታውቂያለሽ። አባታችሁ ወንድ ልጅ አልነበረውም። መነኩሲቷ ያሰረችውን እጅ፣ ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ይዞ እያሻሸ ሞረድ ያስያዘው እሱ ነው። "ሞረድ እጅ አይመርጥም" ይላት እንደነበር እሷ ነግራኛለች። እኔ ያገባኋት ሥራዋን ከተማረች በኋላ ነው። አንድም ነገር አላስተማርኳትም።

ከንቲባውን ይጠብቁኝ አልኩት። ይህን የመወሰን መብት ያለው ሰው ሊዬዥ ነው ያለው አልኩት። ክፍሉ የሚከፈተው በጥቅምት ሁለተኛው እሑድ ነው። በደብዳቤ ብትልኪልኝ ይበቃል፤ ራስሽ መጥተሽ ብትነግሪኝ ግን ላይኛውን ክፍል አስነጥፌልሻለሁ። ባለቤትሽ አርማንድም ጉልበቱ ደረጃ ከቻለለት ይምጣ። ቦናርዲ ካልሽ ቦናርዲ ይቀረጻል፤ ዙባኒ ካልሽ ዙባኒ። ፊደሎቹን የምመታው እኔ ነኝ፤ ማንንም አላስነካም።

አንተስ የቱን ትፈልጋለህ ብለሽ እንዳትጠይቂኝ። ለእኔ ታደያለሽ ብዬ አይደለም፤ አንቺ አታደዪም። ራሴን ስለማላምነው ነው።

የእህትሽ ባል፣
ቦርቶሎ